ለታንኩ ያዘነ ሌባ

የትራንስፎርመሩ ክዳን ተነሣ። መዳብ የለም።

የብረቱ እምብርት ብቻውን ቆሟል፤ ሥጋው ተገፎ አጥንቱ የቀረ ይመስላል። የመዳብ ሽቦው ጥምጥም ይቀመጥበት በነበረው ቦታ አራት ትንንሽ የሸራ ከረጢቶች ጎን ለጎን ተሰድረዋል። ኢንጂነሯ አንዱን አነሣች። አፉን ፈታች። ደረቅ አሸዋ በጣቶቿ መካከል እየሾለከ ጫማዋ ላይ ወረደ።

ሠራተኞቹ ከበው ቆመዋል።

ከኋላ አንዱ፣ "ታዲያ ይሄ ሲያበራ የኖረው ለበረሃ ነው?" አለ።

የሳቀለት የለም።

መርማሪዋ ከፖሊስ ጣቢያ ተነሥታ የመብራት ኩባንያው ግቢ ስትደርስ ፀሐይ አጥሩን ገና መሻገሯ ነበር። በመጀመሪያ ያየችው ሰውን አልነበረም፤ ሰልፍን ነው። ያረጁ ትራንስፎርመሮች ከበሩ እስከ ወርክሾፑ ደጃፍ በሦስት ረድፍ ቆመዋል። ዝገት የበላቸው፣ መብረቅ የላሳቸው፣ ከምሰሶ ወድቀው የተጨረመቱ። ተራቸውን የሚጠብቁ በሽተኞች ይመስላሉ።

"ቀድሞ እነዚህ ሁሉ እንደ ተዘጉ በኪሎ ይሸጡ ነበር" አለቻት ኢንጂነሯ። ወርክሾፑን የምትመራው እሷ ናት። "ከሁለት ዓመት ወዲህ እንከፍታቸዋለን። ዘይቱ ይጣራል። መዳቡ ይፈታል፤ እንደገና ይጠመጠማል። የሚድነው ድኖ ወደ ምሰሶው ይመለሳል።"

"የማይድነውስ?"

"በጣም ያረጀው ቀይ ቀለም እየተቀባ ሳይከፈት ወደ ማቅለጫ ይሸኝ ነበር። ካለፈው ሰኞ ጀምሮ እሱም ይከፈት ተባለ። ከቀዮቹ መጀመሪያ የተከፈተው ይሄ ነው።"

"ማለት፣ ትእዛዙ ባይመጣ…"

"አሸዋ እናቀልጥ ነበር።"

መርማሪዋ የገቢ መዝገቡን ጠየቀች። ትራንስፎርመሩ ከሃያ ቀን በፊት ሲገባ ዘይቱ ተቀድቶ ሁለት መቶ አሥር ኪሎ መዝኗል። ዛሬ ጠዋት ከመከፈቱ በፊትም ሁለት መቶ አሥር። ሌባው የመዳቡን ልክ አሸዋ መዝኖ ተክቷል።

"የጠፋው ሃያ ስድስት ኪሎ ነው" አለች ኢንጂነሯ። "ለአንቺ ትንሽ ይመስልሽ ይሆናል። አርብ የኩባንያው ቦርድ ይሰበሰባል። 'ዕቃ መክፈት ሌባ መጋበዝ ነው' የሚሉ ከመጀመሪያውም ነበሩ። ሌባው እስከ አርብ ካልታወቀ ወርክሾፑ ይዘጋል፤ አርባ ሦስት ሰው ይበተናል፤ ይሄ ግቢ ወደ ጨረታ ይመለሳል።"

ቀኑ ማክሰኞ ነበር።

*

አንድ ተጠርጣሪ አስቀድሞ ታስሯል። ትራንስፎርመሩን ከወረደበት ሰፈር ጭኖ ያመጣው ሾፌር ነው። የአንድ ሰዓት መንገድ ሦስት ሰዓት ፈጅቶበታል።

"ሁለቱን ሰዓት የት ቆምክ?"

"ጎማ ተንፍሶብኝ።"

"የትኛው ጎማ?"

"የኋላው።"

"ማን ነፋልህ?"

"ራሴ።"

"ሁለት ሰዓት ሙሉ፣ በአፍህ?"

ሾፌሩ ፈገግ አለ። ፈገግታው ግን ከከንፈሩ ሳያልፍ ከሰመ። እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ አያቸው፤ የሌላ ሰው እጆች ይመስል።

"መርማሪ፣ ብነግርዎት ምን ይጠቅመኛል? ምስክር የለኝም።"

"ንገረኝ፤ ጥቅሙን እኔ ልፈልገው።"

"ልጅ አለችኝ። ስምንት ዓመቷ ነው። እናቷ አታሳየኝም። በዚያ መንገድ ሥራ ሲደርሰኝ ከትምህርት ቤቷ ማዶ መኪናዬን አቆማለሁ። ስትወጣ አያታለሁ። ቦርሳዋ ከእሷ ይበልጣል። ያን ቀን ቶሎ አልወጡም።"

"አይታህ ታውቃለች?"

"እንዳይታይ የተደበቀ ሰው ምስክር ከየት ያመጣል?" አለና፣ ቆይቶ፣ "እንዳልታይ ማለቴ ነው" ብሎ አረመው።

መርማሪዋ አመነችው። እምነት ግን በመዝገብ ላይ አይጻፍም። ሾፌሩ ወደ እስር ክፍሉ ተመለሰ።

*

መርማሪዋ ቀጥሎ የሄደችው ወደ አንድ አሮጌ ብረታ ብረት ገዢ ነበር፤ ሰፈሩ ሁሉ ማግኔት ይለዋል። የትም ይውደቅ፣ ብረት ወደ እሱ ይመጣል። በግቢው ውስጥ በምንጣፍ የተሸፈነ የመዳብ ክምር ተገኘ።

"ይሄ የማን ነው?"

"የእኔ ነው፣ እህት ዓለም። ገዝቼው ነው።"

"ከማን?"

"ስማቸውን የሚነግሩኝ ሰዎች ብረት አይሸጡም።"

"ከትራንስፎርመር የወጣ ነው?"

ማግኔት ከክምሩ አንድ ክር መዘዘና ለፀሐይ ዘረጋላት። "እዪው እንጂ። ይሄ የስልክ ሽቦ ነው፤ ፀጉር ነው። የትራንስፎርመሩ ቢሆን ዘይት ዘይት ይሸት ነበር። አሽቺው፤ አይነክስሽም።"

አሸተተችው። አቧራ እንጂ ዘይት አይሸትም።

"ደግሞ ስሚኝ" አለ ማግኔት ከኋላዋ እየተከተለ። "ሌባው እኔ ብሆን አሸዋ አልሞላም ነበር። ለምን እሞላለሁ? አሸዋም ይሸጣል!"

መርማሪዋ መንገድ ላይ ቆመች። ሰውየው ለቀልድ ያለው ነገር እንደ እሾህ ሰቀዛት። የሚሸጥ ሰው ቸኩሎ ይሄዳል። ይሄ ሌባ ግን አልቸኮለም።

*

በማግስቱ ጠዋት ከቤቷ ስትወጣ እንደ ወትሮው ግድግዳውን ታክካ አለፈች። ባሏ ከሄደ ሁለት ዓመቱ ነው። የእሱ ቁም ሣጥን ቆሞበት የነበረው ወለል ከሌላው ይልቅ ነጭ ሆኖ ቀርቷል፤ አራት ማዕዘን፣ ጥርት ያለ። ምንም አላስቀመጠችበትም። አትረግጠውም። እኅቷ ስትመጣ፣ "ምነው ጉድጓድ አለበት እንዴ?" ትላታለች። እሷም፣ "አዎ" ትላለች፤ ይሳሳቃሉ፤ ነገሩ በዚያ ያልፋል።

ወደ ወርክሾፑ ተመለሰች። መዳቡ ከተሰረቀበት የትራንስፎርመር ታንክ አጠገብ ወንበር አስመጥታ ተቀመጠች። ቀስ ብላ አየችው።

ቡሎኖቹ አሥራ ሁለት ናቸው። ሁሉም በስሱ ግራሶ ተቀብተዋል፤ ትርፉ በጨርቅ ተጠርጓል። ከክዳኑ ሥር ያለው ላስቲክ አዲስ ነው፤ ማዕዘኖቹ በጥንቃቄ ተከርክመዋል። የሸራ ከረጢቶቹ በእጅ ተሰፍተዋል፤ ስፌቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ እንደገና ተሰፍቷል፤ አንዲት ቅንጣት እንዳታመልጥ።

"ኢንጂነር፣ አሸዋው ልቅ ሆኖ ቢፈስበት ታንኩ ምን ይሆናል?"

"ይበላሻል። አሸዋ በየስንጥቁ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ዘይት ብትሞዪበት አሸዋው ከዘይቱ ጋር ይዞራል። መቼም አጥርተሽ አትጨርሺውም።"

"ይሄ ታንክ ግን ዘይት አይሞላም ነበር። ወደ ማቅለጫ ነው የሚሄደው።"

"አዎ።"

"ሌባው ያንን ያውቃል?"

"ቀይ ቀለም ተቀብቶ እያየው?"

"ታዲያ የሚቀልጥ ታንክ አሸዋ እንዳይገባበት ከረጢት የሰፋለት ለምንድን ነው? አዲስ ላስቲክ የቆረጠለት? ቡሎኑን ግራሶ የቀባለት?"

ኢንጂነሯ ጎንበስ አለች። ወደ ከረጢቶቹ አየች። ፊቷ ላይ አንድ ነገር ሲመጣና እሷ ስትመልሰው መርማሪዋ ተመለከተች።

"ለዚህ ታንክ አዝኖለታል" አለች መርማሪዋ። "ሰርቆትም አዝኖለታል። ግራሶ ሳይቀባ ቡሎን ማሰር የማይሆንለት ሰው ማን ነው?"

"ሁሉም ግራሶ ይቀባሉ።"

"ትርፉን ማን ይጠርጋል?"

በማዶ አንድ ሠራተኛ መዳብ እየፈታ ጮክ ብሎ ይቆጥራል፤ ሰባ አንድ፣ ሰባ ሁለት።

"አባ ቀስታ" አለች ኢንጂነሯ በመጨረሻ፤ ድምፅዋ የተሰበረ ያህል። "ዋናው ጠምጣሚያችን ነው። በኩባንያው ሠላሳ ስምንት ዓመት ሠርቷል፤ ቀድሞ አዲሶቹን፣ አሁን አሮጌዎቹን ይጠመጥማል። ግን ሊሆን አይችልም። ይሄ ወርክሾፕ እኮ የእሱ ልመና ነው! አሥራ ዘጠኝ ደብዳቤ ጽፏል። 'ሳይከፈት የሚወጣ ዕቃ አይኑር' እያለ አለቆቹን ሁሉ ያሰለቸ ሰው ነው።"

"አሁን የት ነው?"

"ዓመት ፈቃድ ላይ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

ኢንጂነሯ በጣቷ ቆጠረች። ቆጥራ ስትጨርስ ጣቶቿን አጠፈቻቸው። "አሥራ አምስት ቀኑ። ቀዮቹ ይከፈቱ የሚለው ትእዛዝ ከመምጣቱ በፊት ነው የወጣው።"

*

የግቢው ዘበኛ የዕቃ መውጫ ፈቃዶቹን በሽቦ ሰክቶ ያስቀምጣል።

"አባ ቀስታ ፈቃድ ሊወጣ ሲል ይዞት የሄደው ነገር ነበር?"

"የሚጠረጠር ነገር የለም፣ መርማሪ። የተሰባበረ የማሸጊያ ሣጥን ነው። ለሠራተኛ ይፈቀዳል። ይኸው፣ ተፈርሟል፦ 'አንድ የእንጨት ሣጥን፣ ለማገዶ'።"

"ከብዶት ነበር?"

"በጋሪ ነው የገፋው። እንዲያውም ላግዝዎት ብለው፣ 'ቀስ፣ ቀስ! ይሰበራል' አለኝ።"

"ማገዶ ይሰበራል ብሎ የሚሰጋ ሰው አይተህ ታውቃለህ?"

ዘበኛው አፉን ከፈተ። ዘጋው። ከዚያ የራሱን ግንባር በመዳፉ መታ።

"ጉድ ፈላ! ደግሞ እኮ ቤቱ የሚበስለው በመብራት ነው። ይሄ ሁሉ ዓመት የመብራት ሰው ሆኖ፣ ማገዶ!"

*

የአባ ቀስታ ቤት ሁለት ክፍል ነው። በሩን የከፈተላት ቀጠን ያለ ሽማግሌ ነበር፤ መነጽሩ በክር አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። መታወቂያዋን ስታወጣ እጁን አወዛወዘ።

"ተይው፣ ልጄ። ብረት ገዢ እንዲህ ቀስ ብሎ አያንኳኳም። ግቢ።"

ገባች። ፈልጋ እንድታገኝ የተደበቀ ነገር አልነበረም።

በጠረጴዛው ላይ የእጅ መጠምጠሚያ ታስሯል። ከእሱ ላይ ጥምጥሙ ተሰክቷል፤ ሳስቶ፣ ክንድ አክሎ። ከጎኑ የተፈታው መዳብ በሌላ እንዝርት ላይ ተጠቅልሏል፤ አንድ ክር አልተዛነፈም። በግድግዳው ላይ ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ ገመድ ተወጥሯል። በገመዱ ላይ በዘይት የጠቆሩ የወረቀት ቁራጮች በልብስ መቆንጠጫ ተሰቅለዋል።

መርማሪዋ ብዙ የሌባ ቤት አይታለች። እንዲህ ያለ ግን አላየችም።

"መዳቡን አልሸጡትም" አለች።

"ለማን?" አለ ግራ ገብቶት።

"ታዲያ ምን ሊያደርጉበት ወሰዱት?"

"ልፈታው።"

"ለምን?"

አባ ቀስታ ወንበር ሳበላት። እሱ አልተቀመጠም።

"ጠምጣሚ ሲቆጥር ከተቋረጠ ቁጥሩ ይጠፋዋል። ስለዚህ ሰው ሲጠራን፣ ምሳ ሲደርስ፣ ሽቦው በሚያርፍበት ወረቀት ላይ በእርሳስ እንጽፋለን፤ በዚያ ረድፍ ስንት ላይ እንደቆምን። ከዚያ እንቀጥላለን፤ ሽቦው ጽሑፉን ይሸፍነዋል። ሚስቴም ጠምጣሚ ነበረች። ጠረጴዛችን አንድ ነበር። ሌላው ሰው ቁጥሩን ብቻ ይጽፋል። እሷ ለምን እንዳቆመችም ትጽፍ ነበር። ስቀንባት ስቀንባት ተውናት።"

"ይሄን እሷ ናት የጠመጠመችው?"

"የመጨረሻዋ ነው። ሁለት ወር ፈጀባት። የጀመረችው ደህና ሆና ነው፤ የጨረሰችው ታማ። ከዚያ…" እጁን በአየር ላይ ዘረጋ፤ መለሰው። "አሥራ አንድ ዓመቱ።"

"የት እንደተሰቀለ ያውቁ ነበር?"

"እንዴት አላውቅም! ቁጥሩን ከልደቴ ቀን ይልቅ አውቀዋለሁ። እሑድ እሑድ ከምሰሶው ሥር ደርሼ እመለስ ነበር። ሲያጉረመርም እሰማዋለሁ። ሰዎቹ መብራት ፈታሽ ይመስላቸዋል፤ 'አባባ፣ መብራት ሊሄድ ነው?' ይሉኛል። 'አይሄድም' እላቸዋለሁ። በቅርቡ መብረቅ መታው። በግቢው በር ላይ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቀይ ቀለም ቀብተውት ነው የመጣው።"

"ቢጠይቋቸው ይከለክሉዎት ነበር?"

"በየትኛው ፎርም ልጠይቅ? ፎርሙን እኔው ነኝ ያረቀቅሁት። መዳብ፣ ብረት፣ ዘይት፣ ላስቲክ፤ ለሁሉም ቦታ አለው። ምንም እንዳይጠፋ ብዬ።" ሳቅ የመሰለ ነገር ከደረቱ ወጣ። "ወረቀት ግን የለበትም። ወረቀት ይቃጠላል። እሱን የረሳሁት ራሴ ነኝ።"

መርማሪዋ ተነሥታ ወደ ገመዱ ሄደች። ከበሩ አጠገብ ያሉት ወረቀቶች መጀመሪያ የተፈቱት፣ ሚስቱ በመጨረሻ የጻፈችባቸው ናቸው። ፊደሉ ተንቀጥቅጧል።

*አሥራ አንድ። ደከመኝ።*

*አሥራ ዘጠኝ። ደከመኝ።*

ወደ ውስጥ ተራመደች።

*ሰባ። ፀጉሬ ሽቦው ላይ ወደቀ። አነሣሁት።*

*ስድሳ አራት። ሐኪም ጋ።*

*ዘጠና ሁለት። ሳል።*

በመስኮቱ በኩል ፊደሉ እየቀና፣ እየጠነከረ መጣ።

*ሠላሳ። ዝናብ ነው፤ ልብሴን ላስገባ።*

*መቶ አምስት። እሱ ዘፈነ። ሳቄ ቁጥሩን አጠፋብኝ። እንደገና ከአንድ።*

"ዘፍነው ነበር?" አለች፤ ፊቷን ሳታዞር።

"ድምፄ እንደ ዛገ ቡሎን ነው። ለዚያ ነው የሳቀችው።" ከኋላዋ መጥቶ ቆመ። "ታያለሽ? የሚፈታው ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ነው። ወደ ውስጥ በገባሁ ቁጥር እየዳነች መጣች። መጀመሪያ ላይ በቀን አንድ ረድፍ እፈታ ነበር። ሊያልቅብኝ ሲል፣ በሁለት ቀን አንድ።"

"አሁን ስንት ቀረ?"

"አንድ። አራት ቀን ሆነኝ፤ እጄ እምቢ አለኝ።"

መርማሪዋ ማለት ያለባትን አሰበች። አንድ ቀን ብትዘገይ ማንም አያውቅም። ነገር ግን አንድ ሰው ታስሯል።

"አባባ፣ ሾፌሩ እስር ቤት ነው።"

"የቱ ሾፌር?"

"ትራንስፎርመሩን ያመጣው። በዚህ ስርቆት ተጠርጥሮ፣ ከትናንት ጀምሮ። ወርክሾፑንም አርብ ሊዘጉት ነው።"

የሽማግሌው ፊት አመድ መሰለ። ለሠላሳ ስምንት ዓመት ቀስ ያለ ሰው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቸኮለ። ጫማውን ፈለገ። ግራውን ለቀኝ አጠለቀ፤ አወለቀ።

"ያ ምስኪን! እሱ ምን አገባው? እኔ እኮ ለማቅለጫ የተጣለ ነው ብዬ… ማንንም አይነካም ብዬ… ነይ እንሂድ። ነይ እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?"

"ጥምጥሙን መውሰድ አለብኝ። ኤግዚቢት ነው።"

"ውሰጂው።"

"የቀረውን አንድ ረድፍ መፍታት ከፈለጉ፣ እጠብቅዎታለሁ።"

አባ ቀስታ ወደ ጠረጴዛው አየ። ረዥም ጊዜ አየ። ከዚያ በእምቢታ ጭንቅላቱን ነቀነቀ።

"እዚያ ውስጥ ገና አልታመመችም። ብፈታው ከሥሩ ያለው ባዶ ቱቦ ነው።" በሩን ከፈተላት። "በጎኑ አታስተኚው፣ ልጄ። አቁመሽ ያዢው፤ ረድፉ ይላላል።"

*

በጣቢያው ኮሪደር ሾፌሩ ከክፍሉ ሲወጣ ከአባ ቀስታ ጋር ፊት ለፊት ተገናኙ። ሾፌሩ ሮጦ ትከሻውን ሳመው።

"አባ ቀስታ! እርስዎ ነዎት እንዴ ያስፈቱኝ?"

"እኔ ነኝ፣ ልጄ" አለ ሽማግሌው። "ያሳሰርኩህም እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ።"

ሾፌሩ እጁን ከትከሻው ላይ አላነሣም። አልገባውም። መርማሪዋ ስትነግረው ግን ቀስ እያለ እጁ ወረደ፤ ወርዶም በሽማግሌው ክርን ላይ ቆመ። ያዘው እንጂ አልለቀቀውም።

መርማሪዋ ለአርቡ ስብሰባ የሚላከውን ሪፖርት በዚያው ከሰዓት ጻፈች። በመጨረሻው አንቀጽ ላይ፣ ስርቆቱን ፖሊስ እንዳላገኘው፣ ያገኘው ምንም ዕቃ ሳይከፈት እንዳይወጣ የሚያዘው አሠራር እንደሆነ፣ ያንንም አሠራር ለኩባንያው በአሥራ ዘጠኝ ደብዳቤ የለመነው ሌባው ራሱ እንደሆነ አሰፈረች። ቦርዱ የፈለገውን ይበል፤ ያነበበ ሰው ወርክሾፑን በዚህ ምክንያት መዝጋት ይቸግረዋል።

ከዚያ ጥምጥሙን አቅፋ ወደ ኤግዚቢት ክፍል ወረደች። የተፈታው መዳብና የወረቀቶቹ ፖስታ አስቀድመው ገብተዋል። ጸሐፊው ሚዛኑን አስተካክሎ እስክሪብቶውን አነሣ።

"ይሄኛው ተፈትቶ ነው የሚመዘነው?"

"እንዳለ መዝነው።"

"በውስጡ ወረቀት ይታያል። ክብደቱ ከመዳቡ ጋር ይያዝ?"

"አይያዝም። ለብቻው መስመር ስጠው።"

"ምን ብዬ ልጻፈው?"

መርማሪዋ እጇን ከመዳቡ ላይ ገና አላነሣችም።

"አንድ ወረቀት" አለች። "ያልተነበበ።"